መታው፣ ጣለው፣ ተነሣበት
በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ስለ ድንገተኛ ሕመም የሚነገሩ ቃላት

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ በአዳማ አውቶቡስ መናኸሪያ አንድ ጐልማሳ ሰው ሻንጣውን ይዞ ቆሞ ሳለ በድንገት ወደቀ። ከአጠገቡ የነበርነው ሁሉ አፋችን ላይ የመጣውን ጮኽን። አንዲት ሻይ ሻጭ «ምች ነው የመታው፣ ከፀሐይ አንሡት!» አለች። አንድ የመኪና ረዳት «የሚጥል በሽታ ነው፣ ክብሪት አምጡ!» ብሎ ኪሱን ይዳስስ ጀመር። ነጠላ የለበሱ አንዲት አሮጊት እናት በኦሮምኛ «ገገቤ፣ ገገቤ» እያሉ የልጅ ልጃቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። መነጽር ያደረገ ወጣት ደግሞ «ስትሮክ ነው፣ ማንም እንዳይነካው» አለ። ሰውዬው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተነሥቶ ተቀመጠና «ራሴ ዞሮብኝ ነው፤ ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም» አለን። ውኃ ጠጥቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ ወደ ሻሸመኔ በሚሄደው መኪና ገባ።

ነገሩ በደኅና አለቀ። እኛ ግን ቶሎ ልንረሳው አልቻልንም። አራቱ ቃላት አራት ልዩ ልዩ ሥራ አዝዘው ነበርና። አንደኛው ሰውየውን ወደ ጥላ እንድንወስደው፣ ሁለተኛው ክብሪት እንድናሸተው፣ ሦስተኛው እንድንሸሸው፣ አራተኛው እጃችንን አጣጥፈን እንድንቆም ያዘዙ ነበሩ። ሐኪም ገና ሳይመጣ፣ መርፌም ሳይወጋ፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በሽተኛውን የሚያክመው ወይም የሚጐዳው ከጐኑ ያለው ሰው የሚናገረው ቃል ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው መድኃኒቱን ሳይሆን ቃሉን ነው። ይኸውም ሕዝቡ ድንገተኛ ሕመምን የሚጠራባቸው ግሦችና፣ በጤና ትምህርት ወረቀት፣ በራዲዮና በጋዜጣ እነዚያን ግሦች እየተኩ የመጡት ስሞች እንዴት እንደሚተያዩ ለማየት ነው።

ለዚህ ጥናት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚመቹ ናቸው። አዳማ ራሷ ናዝሬት እየተባለች ኖራ በ1992 ዓ.ም. የቀድሞ ስሟ በይፋ የተመለሰላት፣ ዛሬም በሁለቱም ስም የምትጠራ ከተማ ናት። ከቢሾፍቱ እስከ ሞጆ፣ ከመቂና ከባቱ እስከ አርሲ ነገሌና ሻሸመኔ፣ በሌላም በኩል እስከ ወለንጪቲና መተሐራ፣ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ገበያ ይነገራሉ። ወንጂ ላይ እ.ኤ.አ. በ1954 የሆላንዶች ኩባንያ የስኳር ፋብሪካ ከከፈተ ወዲህ ደግሞ ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ የመጣ ሠራተኛ የየራሱን ቋንቋ ጨምሮበታል። በዚህ አገር ሕመምተኛው በኦሮምኛ የተናገረው በካርድ ክፍል በአማርኛ ይጠየቃል፤ ሐኪሙ ደግሞ ያንኑ በእንግሊዝኛ ይጽፈዋል። ቃሉ ሦስት ወንዝ ተሻግሮ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ከመነሻው ምን ያህል እንደ ተረፈው መጠየቅ ተገቢ ነው።

በመጀመሪያ ልብ ማለት የሚገባው ነገር፣ በአማርኛ ድንገት የታመመ ሰው የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት አለመሆኑ ነው። ሕመሙ ይሠራል፣ ሰውየው ይሠራበታል። ምች መታው፤ ውጋት ወጋው፤ ቁርጠት ቈረጠው፤ ወባ ያዘው፤ ብርድ አንዘፈዘፈው፤ ጋኔን ለከፈው፤ ቡዳ በላው፤ ራሱ ዞረበት። ኦሮምኛውም እንዲሁ «ቡሳን ቀቤ» ሲል ወባ ያዘው ማለቱ ነው። እነዚህ አነጋገሮች የበሽታውን ስም ብቻ አይነግሩንም። ከየት እንደ መጣ፣ በምን ዐይነት ፍጥነት እንደ መጣ፣ ሰውነትን ምን እንዳደረገው በአንድ ግሥ ይነግሩናል። «ወጋው» ያለ ሰው ሕመሙ ስለታም መሆኑን ነግሮናል፤ «ቈረጠው» ያለ ደግሞ ሆዱን መሆኑን ሳይጠየቅ አስታውቋል።

ከሁሉም ሰፊው የ«መታ» ቤተ ሰብ ነው። ምች የሚለው ስም ራሱ ከመታ መውጣቱ ከመልኩ ይታያል ብለን እንገምታለን። ምች ከከንፈር ዳር ከሚወጣው ቍስል ጀምሮ በፀሐይ እስከ መዝለፍለፍ ድረስ ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ መድኃኒቱም በየጓሮው የሚበቅለው ዳማከሴ ነው። መጋኛ ደግሞ ሰውን በድንገት ወግቶ የሚይዘው ነው። ከዚህም በቀር «ነፋስ መታው»፣ «ብርድ መታው» እንላለን። ፊቱ ወደ አንድ ወገን የተጣመመበትን ሰው በመቂ ገበያ ቀን ብታሳዩ፣ ካሥር ሰዎች ብዙዎቹ «ነፋስ መትቶት ነው» ቢሉ አንደነቅም።

እዚህ ላይ ወደ ሩቅ አገር እንሻገር። ወደ ጃፓን የምንሄደው ለጌጥ አይደለም። ጃፓኖችም እንደ እኛ ዘመናዊውን ሕክምና ከውጭ የተቀበሉ፣ ስለዚህም ስሙን በምን ቃል እንጥራው የሚለው ጥያቄ የገጠማቸው ሕዝብ ናቸውና ነው። ሱጊታ ጌንፓኩና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1774 የሰውነት ክፍሎችን የሚያስተምረውን መጽሐፍ ከሆላንድ ቋንቋ ተርጕመው «ካይታይ ሺንሾ» ብለው ሲያሳትሙ፣ በቋንቋቸው ስም የሌለው ነገር ሁሉ አስቸግሯቸው ነበር። እኛ ዛሬ «ነርቭ» ብለን እንዳለ የተቀበልነውን እነርሱ መንፈስ የሚል አንድ ፊደልና መተላለፊያ የሚል ሌላ ፊደል አጋጥመው «ሺንኬይ» አሉት፤ ቃሉ እስከ ዛሬ ይሠራል። የቻይናን ፊደል የያዙት እኛ ግእዝን እንደምንይዘው፣ የአዲስ ቃል ማውጫ አድርገው ነበር። (ይሁን እንጂ እነርሱም ሁሉን አልቻሉም። በኋላ ጀርመኖችን መምህር ሲያደርጉ የሕመምተኛውን መዝገብ «ካሩቴ» አሉት፤ የኛ «ካርድ» የቅርብ ዘመዱ ነው።)

እንግዲህ አእምሮን በድንገት መትቶ ግማሽ አካልን የሚያሰንፈውን በሽታ ጃፓኖች ምን ይሉታል? «ኖሶትቹ» ይሉታል። «ኖ» አንጐል ነው። «ሶትቹ» ሁለት ፊደል ሲሆን፣ የመጀመሪያው ድንገት፣ ሁለተኛው መመታት ማለት ነው። የቀድሞው ስሙ «ቹፉ» ሲሆን ፍቹ ቃል በቃል በነፋስ መመታት ነው። ከቻይና ሕክምና የወረሱት ሐሳብ ክፉ ነፋስ ሰውን ይመታል የሚል ነበርና። ግሪኮችም ያንኑ በሽታ «አፖፕሌክሲያ» ሲሉት መመታት ማለታቸው ነበር፤ እንግሊዞች «ስትሮክ» ሲሉም ከዚያው ከመምታት አልወጡም። እንግዲህ የአዳማዋ ሻይ ሻጭ፣ የኪዮቶው የጥንት ሐኪምና የአቴናው ሽማግሌ በአንድ ሐሳብ ተስማምተዋል፤ ሰውየው ተመትቷል።

ታዲያ እኛ «መታው» የሚል ግሥ በእጃችን እያለ ለምን «ስትሮክ» አልን? የውጭ ቃል መጣ ብለን አናለቅስም፤ ራዲዮ ብለናል፣ ሆስፒታል ብለናል፣ አልተጐዳንም። የምንነቅፈው ሌላ ነው። ስትሮክ የሚለው ስም ለሰሚው ምንም አያሳይም። ቃሉን የሚያውቀው ተማሪ «ስትሮክ ነው» ሲል፣ የማያውቁት ሰዎች ከባድ ነገር መሆኑን ብቻ ተረድተው ይደነግጣሉ። እንግሊዛዊው ቃሉን ሲሰማ ምት ይሰማዋል፤ እኛ ግን ድምፅ ብቻ እንሰማለን። «የአንጐል ምት» የሚሉም ተርጓሚዎች አሉ፤ ሐሳቡ ደኅና ነው፣ ነገር ግን «የልብ ምት» ስንል የጤናማውን ልብ ትርታ ማለታችን ስለ ሆነ፣ ስሙ የልብን ሕይወትና የአንጐልን ሞት በአንድ ከረጢት ጨመራቸው። ግሡ ያልሳተውን ስሙ ሳተው። «አንጐሉን መታው» ቢባል ማንም አይሳሳትም።

ነገሩ የቃል ውበት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ባልተከራከርንም። በደም መርጋት ለመጣው ምት መርጋቱን የሚያቀልጠው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው፤ ያውም የራስ ምስል የሚያነሣ መሣሪያ ባለበት ሆስፒታል። አፉ የተጣመመው፣ ክንዱ አልታዘዝ ያለው፣ አንደበቱ የተያዘው ሰው «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ሲታሽለትና ሲተኛ ጊዜው ያልፋል። ከዳማከሴው ጋር ጠብ የለንም። ጠባችን ምች የሚለው ስም የከንፈር ቍስልንና የአንጐል ምትን ሳይለይ መሸፈኑ ነው። ስለዚህ ሕዝቡንም እንተቻለን፤ «መታው» ማለቱ ትክክል ነው፣ ምን እንደ መታው ሳያይ «ምች» ማለቱ ግን ያዘገየዋል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ሲሰሙ፣ «እነዚህ ግሦች ከጋኔንና ከቡዳ እምነት ጋር የተጣበቁ ናቸው፤ ሳይንስ ያስተማረው ሰው እንዴት ይናገርባቸዋል?» ብለው ይከራከሩናል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ዛሬ በቶኪዮ «ሶትቹ» የሚል ሐኪም ክፉ ነፋስ ገባበት ማለቱ አይደለም፤ ስትሮክ የሚል እንግሊዛዊም ከሰማይ የወረደ እጅ አይታየውም። እምነቱ ሲለወጥ ቃሉ አብሮ መቃጠል የለበትም። ቃሉ ይቀራል፣ ባለቤቱ ይለወጣል። ትናንት ነፋስ መታው ያልነውን ዛሬ የረጋ ደም መታው ልንል እንችላለን።

አሁን ወደ መውደቅ እንምጣ። «የሚጥል በሽታ» የተባለው ስም ከመምሪያ ወረቀቶች ሁሉ የተሻለው ነው ብለን እናምናለን። ሕዝቡ የሚያውቀው፣ አማርኛነቱ የማይጠረጠር፣ ለሰሚውም ሥዕል የሚሰጥ ነው። ደግሞም «የባሪያ በሽታ» ከሚለው ክፉ ስም አላቅቆናል። የኦሮምኛው «ገገብዶ» ከ«ገገቤ» የወጣ ሲሆን እርሱም ራስን ስቶ መውደቅን ያሳያል። የጃፓኑ «ቴንካን» በሚጻፍበት ፊደል ውስጥም መገልበጥ የሚል ክፍል አለበት። ይሁንና ያው ፊደል እብደትንም ስለሚያመለክት ጃፓኖች ዛሬ ቃሉን በድምፅ ፊደል ብቻ ይጽፉታል። ድምፁን ጠብቀው ስድቡን ከወረቀት አነሡ። ኮሪያዎች ግን ከዚህ አልፈው ስሙን ጨርሰው ለውጠውታል።

የሚጥል በሽታ የሚለው ስም ግን አንድ ጕድለት አለው። የሚያየው የሚወድቀውን ብቻ ነው። በዚህ በሽታ ከሚሠቃዩት መካከል ከቶ የማይወድቁ አሉ። በክፍል የተቀመጠች ልጅ በድንገት ዐይኗ ፈዝዞ፣ እርሳሷ በእጇ እንዳለ፣ ለጥቂት ሰኮንድ ከዚህ ዓለም ወጥታ ትመለሳለች። መምህሯ «ፈዛዛ» ይሏታል፤ በቀን ብዙ ጊዜ ከሆነባትም ሰነፍ ተብላ ዓመቱን ትደግማለች። ወላጆቿ «ልጃችን ወድቃ አታውቅም» ስለሚሉ የሚጥል በሽታ የሚለው ወረቀት እነርሱን የሚመለከት አይመስላቸውም፤ ፍርዳቸውም እንደ ስሙ ትክክል ነው። በአንድ ቃል ጥበት ምክንያት ሕክምና ያለው በሽታ ሳይታከም ይቀራል።

የመውደቁም ሥዕል ቢሆን ያለ ጕዳት አልቀረም። ከስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ዳር በቡታጅራ ዙሪያ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ያደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት ከ60,820 ሰዎች መካከል 316 ሰዎች በሽታው እንዳለባቸው አግኝቷል፤ ከሺህ ሰው ከ5 በላይ መሆኑ ነው። በሽታው ሲነሣበት እሳት ላይ ወድቆ የተቃጠለ ሰው በየመንደሩ የሚታይበት ምክንያት፣ ምድጃው በወለል ላይ መሆኑ ብቻ አይደለም። በመውደቂያው ሰዓት መንካት ያጋባል የሚል ሥጋት እጅን ያስራል። «ጣለው» የሚለው ግሥ ጣዩ ገና በአጠገቡ እንደ ቆመ ያስመስላልና ሰው ይሸሻል። ክብሪቱም ከዚያው የመጣ ይመስለናል፤ ጣዩን በጢስ ለማባረር። ክብሪት ግን ለዚህ በሽታ ምንም አይረዳም። የሚረዳው ሰውየውን በጐኑ ማስተኛት፣ ራሱን የሚመታበትን ድንጋይ ማራቅ፣ በአፉ ማንኪያም ሆነ ብረት አለማስገባት፣ ሰዓትም መቍጠር ነው፤ መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

በመካከሉ ስለ «አለ» ጥቂት እንበል። አማርኛ ለድንገት የተለየ መሣሪያ አለው፤ ድፍት አለ፣ ዝልፍልፍ አለ፣ ጭልም አለበት፣ ድንግጥ አለ፣ ፍዝዝ አለ። ጃፓንኛም እንዲሁ በድምፅ የሚሥሉ ቃላት የሞሉት ነው። ባለራስ ምታቱ «ዙኪዙኪ» ይላል፣ ራሱ የሚዞርበት «ፉራፉራ» ይላል፣ በቁሙ የወደቀው «ባታሪ» ወደቀ ይባላል፣ ሳይታመም በድንገት የሞተውም «ፖኩሪ» ሞተ ይባላል። በዚያ አገር እነዚህን ቃላት ሐኪሞቹ ንቀው አይተዉአቸውም፤ ሕመሙ «ዙኪዙኪ» ነው ወይስ ሌላ ብለው ሕመምተኛውን ይጠይቁበታል። በኛ ካርድ ላይ ግን «ጭልም አለብኝ» ያለችው ሴትና «ዝልፍልፍ አልኩ» ያለችው ሴት በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ተጽፈው ያልፋሉ። የአንደኛዋ ዐይን ነው፣ የሌላዪቱ ጕልበት።

የልብን ጉዳይ በአጭሩ እንለፈው፤ ስሕተቱ ግልጽ ነውና። በድንገት ደረቱን ይዞ የሞተውን ሰው ጋዜጦቻችን «በልብ ድካም ሞተ» ይሉታል። ድካም ግን ቀስ ብሎ የሚመጣ ነገር ነው። እግሩ የሚያብጠው፣ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልከው፣ ለወራት መድኃኒት የሚወስደው እርሱ የልብ ድካም አለበት ቢባል ያምራል። የልቡ ደም ሥር በድንገት የተዘጋበትን ግን ደከመ ማለት፣ የተተኰሰበትን ሰው አረጀ እንደ ማለት ነው። ደግሞም ስሙ ያዘናጋል፤ የደከመ ያርፋል እንጂ አምቡላንስ አይጠራለትም።

ከሁሉ የበለጠ ክርክር የሚያስነሣው «አተት» ነው። አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት የሚለውን ያሳጠሩበት ነው። «አጣዳፊ» የሚለውን ቃል እኛ እናደንቃለን። ፈረንጁ ስለታም በሚል ቃል የሚጠራውን የኛ ሰዎች የሚያጣድፍ፣ ፋታ የማይሰጥ አሉት፤ ጃፓኖችም «ኪዩሴይ» ሲሉ በመጣደፍና በድንገት ፊደል ይጽፉታል። ቅጽሉ እንግዲህ ትክክል ነበር። ጥፋቱ ከቅጽሉ በኋላ መምጣት የነበረበት ስም አለመምጣቱ ነው። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በየጊዜው በተነሡት ወረርሽኞች፣ በ2008ና በ2009 ዓ.ም. የነበረውም ጭምር፣ በሽታው በይፋ አተት እየተባለ ሲነገር ኮሌራ የሚለው ቃል ይሸሸግ ነበር። ይህም በአገር ውስጥም በውጭም ተነቅፏል። በ2011 ዓ.ም. ግን ኮሌራ በስሙ በይፋ ተነገረ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ ወረዳ የጀመረው ወረርሽኝም ኮሌራ ተብሎ ተጠርቷል።

ለመሸሸጉ ምክንያት የሚሰጡ ሰዎች፣ ስሙ ንግድንና መንገደኛን ያስደነግጣል ይሉ ነበር። ይህ እውነት ነው፤ ስም ያስደነግጣል። ነገር ግን ማንን ነው የምናስደነግጠው? እ.ኤ.አ. በ1858 ኮሌራ በጃፓን ሲገባ የኤዶ ሕዝብ የሰማውን የውጭ ስም ወደ ቋንቋው አዙሮ «ኮሮሪ» አለው። ኮሮሪ በጃፓንኛ በአንድ ጊዜ ዞር ብሎ ድፍት ማለትን የሚሥል ቃል ነው። ሲጽፉትም ነብር፣ ተኵላና ተቅማጥ በሚሉ ሦስት ፊደላት ጻፉት። ከእንዲህ ያለ ስም በኋላ ውኃውን ሳያፈላ የሚጠጣ ማን ነው? የኛም ሰዎች ይህን ጥበብ አያጡትም። ዶሮን በአንድ ሌሊት የሚጨርሰውን በሽታ «ፈንግል» ብለውታል፤ ፈነገለ ገለበጠ ነውና። ክትባቱ የሚሠራው ከአዳማ ብዙም በማይርቀው በቢሾፍቱ ነው፤ ገበሬውም ፈንግል ገባ ሲባል ዶሮዎቹን ለመለየት ይሮጣል። በ1911 ዓ.ም. የመጣውን የዓለም ኢንፍሉዌንዛም «የኅዳር በሽታ» ብለው ከወሩ ጋር አስረውት እስካሁን ኅዳር ሲታጠን ይታወሳል። ለዶሮ ፈንግል ያልን ሰዎች ለሰው አተት ማለታችን ያሳዝናል። አተት የተባለውን ወረቀት በባቱ አንድ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አይተነዋል፤ ከአጠገቡ የተቀመጡትን አንድ አባት «አባባ፣ ይህ ምን ማለት ነው?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «የመሥሪያ ቤት ስም መሰለኝ፣ ልጆቼ» አሉን።

የመጨረሻው ቃላችን ስለ ወባ ነው፤ የዚህ ሸለቆ ዋና ድንገተኛ ሕመም እርሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ደጋማና ወይና ደጋ አገሮች የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል እንደ ገደለ ተገምቷል። በዓመቱም የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ንዳድ የሚለው የቀድሞ ስም ከነደደ የወጣ መሆኑን ለማየት ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙትን ዐይነት በሥር የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት ማገላበጥ ይበቃል። በሥር የተዘጋጀ መዝገብ ግን የማይነግረን አንድ ነገር አለ። ይኸውም ቃሉ በየትኛው ደቂቃ እንደሚነገር ነው። በመስከረምና በጥቅምት በወለንጪቲ ወይም በመቂ አንድ ሕፃን ተኵሶት ሲንቀጠቀጥ እናቱ በመጀመሪያ «ወባ ያዘው» ትላለች፤ ራሱን ሲስት ግን «ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጣ» ትላለች። ግሡን ለወጠች። ያዘ ከሚለው ወደ ወጣ ከሚለው መሻገሯ ሐኪሙ በረጅም ስም የሚጽፈውን የአደጋ ምልክት በትክክል ማየቷ ነው። በካርድ ክፍል የተቀመጠው ጸሓፊ ይህን ለውጥ ቢሰማ ልጁን ከወረፋው ያስቀድመው ነበር።

ለእነዚህ ሁሉ የሚሆን አንድ ጠቅላላ ቃል በአማርኛ የለም ይባላል። ጃፓኖች «ሆሳ» የሚሉት አላቸው። የመጀመሪያው ፊደል መውጣት ወይም መፈንዳት፣ ሁለተኛው መሥራት ነው። የልብ ሆሳ፣ የአስም ሆሳ፣ የቴንካን ሆሳ ይላሉ፤ የወደቀውንም የፈዘዘውንም እኩል ይይዛል፤ ተዉት የነበረ በሽታ ተመልሶ ሲመጣም ያው ነው። ተርጓሚዎቻችን ለዚህ የሚሆን ስም ሲፈልጉ «ጥቃት» ይላሉ፤ ይህ ግን የጦር ሜዳ ቃል ነው፤ የተጠቃ ሰው ደግሞ የተዋረደ ይመስላል። እኛ ስሙን የሚፈልጉበት ቦታ የተሳሳተ ይመስለናል። ቃሉ ስም ሳይሆን ግሥ ነው፤ በየቤቱም ይነገራል። አስሙ ተነሣበት። የሚጥለው ተነሣበት። ልቡ ተነሣበት። ሲነሣበት፣ ሳይነሣበት፣ ሊነሣበት ሲል፣ እያልን ሐኪሙ የሚጠይቀውን ሁሉ ልንመልስበት እንችላለን። የፈዘዘችዋን ልጅ «ስንት ጊዜ ወደቀች?» ሳይሆን «በቀን ስንት ጊዜ ይነሣባታል?» ብሎ የሚጠይቅ ነርስ መልስ ያገኛል።

ይህን በጻፍን ጊዜ አዳማ ላይ የኦሮምኛ ተናጋሪ ጓደኛችን «በኛስ ምን ትላላችሁ ብላችሁ አልጠየቃችሁኝም» አለን። ጠየቅነው። «ኢቲ ከኤ» አለን። ከኤ ተነሣ ማለት ነው፣ ኢቲ ደግሞ በእርሱ ላይ።